አረንጓዴውን የሰቀለው ማን ነው?

ቼርና ስካላ፣ ሜይ 6 ቀን 1987

ለኔቬና፣ ለወንድሜ ልጅ፣ ዘንድሮ ደግሞ ለክብርት የኮሚሽን ጸሐፊ፤

እንደምን ከርመሻል? ቫርና ያለው ቢሮሽ፣ ወንበርሽ፣ ማኅተምሽ ሁሉም ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ዝናብ ሊመጣ ሲል ከሬዲዮው ቀድሞ ይነግረኛል፤ እሱንም እንደ ሥራ ባልደረባ ቆጥሬዋለሁ።

ስልክ ያልደወልኩት ንቄሽ አይደለም። የመንደሩ ስልክ ያለው ፖስታ ቤት ነው፤ ፖስታ ቤቱ ውስጥ ያለችው ደግሞ ጊንካ ናት። እኔ «ሃሎ» ስል እሷ «ማን ሞተ?» ብላ ትገባበታለች። ደብዳቤ ከሆነ ግን ሙጫውን በእንፋሎት ለመክፈት ቢያንስ ውሃ ማፍላት አለባት።

«ከማመልከቻህ አንድ ወረቀት ጎድሏል» ብለሽ ጽፈሻል። የጎደለው አንድ ብቻ መሆኑ አያስመሰግነኝም? የነፍስ አዳኞች አለቃ ምን ምን ማሟላት እንዳለበት እኔ ልንገርሽ። አራት መቶ ሜትር ከስምንት ደቂቃ በታች መዋኘት፤ ባሕሩ ገና ጥርስ በሚያንቀጫቅጭበት በኤፕሪል፣ በሰባት ደቂቃ ከሃምሳ ሰከንድ ገብቻለሁ። አራት ሜትር ጠልቆ ከባድ ነገር ማውጣት፤ አውጥቻለሁ። ትንፋሹ የቆመን ሰው ማስተንፈስ፤ ለዚህ ያመጡልኝ የጎማ አሻንጉሊት ሊያስነጥስ ምንም አልቀረውም ነበር። ሥራውንስ ቢሆን? ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ባሕሩን አይቶ የባንዲራውን ቀለም መወሰን፣ ስድስት ሰው በሦስት ማማ ላይ ማሰማራት፣ ጀልባዋ ውሃ አለማስገባቷን ማየት፣ ገመዱን፣ ቀለበቱን፣ የመድኃኒት ሣጥኑን መፈተሽ፣ ከጠባቂዎቼ አንዱ ከሶፊያ ከመጣች ቆንጆ ጋር ወሬ ከጀመረ ጆሮው ሥር ሄዶ ፊሽካ መንፋት። ሠላሳ አንድ በጋ ሠርቼዋለሁ። መጽሐፍ ያስተማረኝ የለም፤ ያስተማረኝ ባሕሩ ነው፤ እሱም ቢሆን እየገረፈ ነው።

የቀረው የዓይን ወረቀት ነው። ሐኪሙ ለሪህ ፍል ውሃ ሄዷል አሉኝ። መቼ እንደሚመለስ እግዜር ያውቃል። ይህቺን አንዲት ወረቀት አይተሽ እንዳላየሽ እለፊያት። ከዚህ ባሕር ዳር ካወጡኝ የት ልሄድ ነው? ወንበር ላይ ተቀምጬ ዶሮ ልጠብቅ?

ሌላው፣ ስትጽፊልኝ በጥቁር ቀለም ጻፊ። ሰማያዊሽ ዋና የወጣ ጉንዳን ይመስላል።

አጎትሽ ፕሮዳን


ቫርና፣ ሜይ 14 ቀን 1987

አጎቴ፤

በጥቁር ቀለም ጽፌልሃለሁ፣ ጎላ አድርጌም ነው። ደስ ይበልህ።

ወረቀቷን አላልፋትም። በክፍለ ሀገሩ አርባ ሁለት አለቆች አሉ፤ ከሃምሳ አምስት ዓመት በላይ የሆነው ሁሉ በየዓመቱ ዓይኑን ይመረመራል። ለአርባ አንዱ ያላደረግኩትን ላንተ ባደርግ ሰው ምን ይለኛል? አባቴ ሲሞት የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ከዚያ ጀምሮ ያሳደግከኝ አንተ መሆንህን እዚህ የማያውቅ የለም። ስለዚህ ከሌሎቹ ይልቅ የአንተ ማመልከቻ ነው የሚታየው። እስከ ጁን አንድ ካልደረሰ በበጋው አለቃ አትሆንም። በረኛም ብትሆን እንጃ።

ሐኪሙ ተመልሷል። ክሊኒኩ ደውዬ ጠይቄያለሁ፤ ፍል ውሃ የሄደው ባለፈው ዓመት ነው።

አሁን የምጠይቅህን በቀልድ አትመልስልኝ። ለፋሲካ ስንገናኝ ራኪያውን፣ አረቄውን፣ ብርጭቆው ውስጥ ሳይሆን ጠረጴዛው ላይ ነበር የቀዳኸው። «ጠረጴዛውም ጾም ውሏል» ብለህ ሁላችንንም አሳቅከን። እኔም ስቄ ነበር። ወደ ቫርና ስመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ግን ሳቄ ቆመ። ፊደልህም ከወር ወር እየተለቀ ነው፤ በአንድ ገጽ ላይ አስር መስመር አይሞላም።

ምን ሆነሃል?

ኔቬና


ቼርና ስካላ፣ ጁን 20 ቀን 1987

ኔቬና ሆዴ፤

የዓይኑ ወረቀት ደረሰሽ አይደል? ማኅተምሽንም መትተሽ ላክሽልኝ። እጅሽን ይባርከው። እንግዲህ አሁን ስለጨረስሽ፣ ወደኋላም መመለስ ስለማይቻል፣ እንዴት እንዳለፍኩ ልንገርሽና ሳቂ።

በየፀደዩ የባሕር ዳሩን ሰዎች ሐኪም ቤት የምወስዳቸው እኔ ነኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ በአንድ እየገቡ ሲያነቡ በር ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ። ሰሌዳው ደግሞ ክሊኒኩ ከተከፈተ ጀምሮ አልተለወጠም። ታችኛውን መስመር ብትጠይቂኝ ከእንቅልፌ ተነስቼ በዜማ እወጣልሻለሁ! ያስቸገረኝ የሐኪሙ ዘንግ ብቻ ነው፤ የቱን ፊደል እንደሚያመለክት አላየሁም። ዘንጉ ሰሌዳውን ቋ ሲያደርግ ግን ከላይ ይሁን ከታች በድምፁ ለየሁት። «ጓድ ፕሮዳን፣ በስልሳ ሦስት ዓመት እንዲህ ያለ ዓይን አይቼ አላውቅም!» አለኝ። «ካሮት ነው» አልኩት። ለራሱም ካሮት ገዝቶ እንደሆነ እንጃ።

ሳቅሽ? እንግዲህ «በቀልድ አትመልስልኝ» ስላልሽ የቀረውን ያለ ቀልድ እነግርሻለሁ። የግራ ዓይኔ ወተት ሆኗል። ቀኙ ዝናብ የመታው መስኮት ነው። ሞራ ነው ይሉታል። የጀመረኝ ካቻምና ነው። ሰው ሲመጣ አካሄዱን ሰምቼ ማን እንደሆነ አውቃለሁ፣ ማማ ላይ የቆመውን ጠባቂ ከፊሽካው እለያለሁ፣ ባሕሩንም በእግሬ ገብቼ አውቀዋለሁ። ውሃው ቁርጭምጭሚትሽን ወደ ውስጥ ሲስብና ወደ ጎን ሲስብ አንድ አይደለም። ይህን ከእኔ በቀር ማን ያውቃል?

ይህን የምነግርሽ ለጸሐፊዋ አይደለም፤ በትከሻዬ ላይ ተቀምጣ ማዕበል ትቆጥር ለነበረች ልጅ ነው። ጸሐፊዋ ግን ሰምታ ከሆነ፣ ከፈለገች ታባርረኝ። ያን ጊዜ የምገባበት አላውቅም። ይህን ያህል ነው።

አጎትሽ


ቫርና፣ ጁን 27 ቀን 1987

አጎቴ፤

አልሳቅኩም። አራት ቀን ደብዳቤህን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። ቢሮ ስገባ ኮሚሽኑ ጠረጴዛ ላይ ላስቀምጠው አወጣዋለሁ፣ መልሼ እከተዋለሁ። ማስቀመጥ ነበረብኝ። አላስቀመጥኩትም። ይህን ቃል በቃል የጻፍኩልህ ምን እያደረግኩ እንደሆነ ሳላውቅ ቀረሁ እንዳይባል ነው።

አንድ በጋ። ከዚያ በላይ አንድም ቀን የለም። ኦክቶበር ላይ ሞራውን የሚያወጣልህ ሐኪም እዚህ አግኝቻለሁ፤ ስምህን አስመዝግቤያለሁ።

እስከዚያ ድረስ ግን ባሕሩን ጠዋት ጠዋት የሚያይልህ ሰው ይኑር። ምክትልህ ራንጌል ዓይኑ ደህና ነው፤ አሥራ አምስት ዓመት አብሮህ ሠርቷል። እሱ ቢጫ ካለ ቢጫ ነው። ቀይ ካለ ቀይ ነው። ሙት ማዕበልን በእግር ማወቅ አይቻልም፤ ይህን ያስተማርከኝ ራስህ ነህ። «ላዩ ትሪ ይመስላል፣ ከሥሩ ግን ሰው ይጎትታል፤ የሚታወቀው በጠቆረው መስመርና ወደ ውስጥ በሚሄደው አረፋ ብቻ ነው» ትለኝ ነበር። መስመሩን ካላየህ አላየኸውም ማለት ነው።

ለራንጌልም ንገረው። ምክንያቱን ሳያውቅ ቃሉን አያጠነክርም። አንተን ይፈራል፤ ከፍርሃቱ ይልቅ ደግሞ ቀልድህን ይፈራል።

በአባቴ ነፍስ ማልልኝ። ከዚያ ይህን ወረቀት አቃጥለው።

ኔቬና


ቼርና ስካላ፣ ጁላይ 15 ቀን 1987

ለኔቬና፣ ለአለቃዬ፤

ማልኩልሽ። ምለህ ጻፍልኝ ስላልሽ ነው እንጂ እኔ መሐላ ከዋና በኋላ የሚጠጣ ነገር ይመስለኝ ነበር።

«ለራንጌል ነገርከው ወይ?» ለሚለው፣ ራንጌል ጠዋት ጠዋት ከጎኔ ቆሞ ባሕሩን ያያል፣ ያየውን ይነግረኛል፣ እሰማዋለሁ። ስለ ዓይኔ ግን አልነገርኩትም። ምን ብዬ ልንገረው? ስድስት ወንድ ያዘዝኩበትን ምላስ አጥፌ «ምራኝ» ልበለው? ደግሞ እሱ ሙት ማዕበል በሾርባው ሳህን ውስጥ ያያል። ባለፈው ሳምንት ሁለት ጊዜ ቢጫ አሰቀለኝ፤ ሕፃናቱ እንኳ ሰደቡን።

«መዝገቡ ላይ ማን ነው የሚፈርመው?» ላልሽው፣ እዚህ አዲስ ልማድ አውጥቻለሁ። ገመዱን የጎተተ ይፈርማል። ባንዲራውን በተራ ነው የሚሰቅሉት፣ ሰቅሎ የወረደ ስሙን ይጽፋል። ልጆቹ ክብር መስሏቸው ወደውታል። ራንጌልማ ሲፈርም ምላሱን አውጥቶ ነው፤ የጋብቻ ውል የሚፈርም ነው የሚመስለው።

ሞልቷል እዚህ። የፋብሪካው ማረፊያ ቤት ከስሊቨን በመጡ ሸማኔዎች ተጨናንቋል። ሴቶቹ ጨዋታ ያውቃሉ፤ ትናንት አንዷ «አጎት ፕሮዳን፣ አንተ ታድነኛለህ ወይስ እኔ ላድንህ?» አለችኝ። «ማን ቀድሞ እንደሚሰጥም አይተን እንወስናለን» አልኳት።

አትጨነቂ። ብዪ። ከስተሻል አሉ።

አጎትሽ


ቼርና ስካላ፣ ኦገስት 2 ቀን 1987

ኔቬና፤

ደህና ነሽ? እኔ ደህና ነኝ።

ቲማቲሙ ዘንድሮ ጉድ ነው። አንዱ የሕፃን ራስ ያክላል። የጎረቤት ሴት በርበሬ ልትጠብስ እንጨት ከእኔ ወስዳለች። ሐብሐብ በነጭ አይብ እበላለሁ፣ ሌላ ነገር አልበላም፤ ሙቀቱ ነው። ነፋሱ ከምሥራቅ ነበር፣ አሁን ቆሟል።

ደብዳቤ ጻፍክ ወይ እንዳትዪኝ ነው የጻፍኩት። ስልክ አትደውዪ። ጊንካ ትሰማለች።

ፕሮዳን


ቫርና፣ ኦገስት 6 ቀን 1987

አጎቴ፤

የቲማቲሙ ደብዳቤህ የደረሰኝ ሪፖርቱን ካነበብኩ ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው።

ሪፖርቱ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። ጁላይ 30፣ ረፋድ ላይ፣ ከቋጥኙ በስተቀኝ። ዝላትካ፣ ከስሊቨን፣ የሠላሳ አንድ ዓመት ሸማኔ። ሁለት ሴቶች ወደ ውስጥ ተወስደው አንዷን ራንጌል በሕይወት አወጣት፤ ዝላትካን ግን ጀልባዋ ያገኘቻት ከሃያ ደቂቃ በኋላ ነው። እህቷ አሸዋው ላይ ነበረች። ሁሉንም አይታለች።

ከሥሩ ደግሞ ይህ ተጽፏል፦ «ባንዲራ፦ አረንጓዴ። የሰቀለውና የፈረመው፦ ራንጌል። አለቃው ጓድ ፕሮዳን ስለ ባንዲራው ሲጠየቅ ዝም ብሏል።»

ዝም ብሏል! አንተ? ቀብር ላይ እንኳ ዝም የማትለው?

ደንቡ ባንዲራውን የሚወስነው አለቃው ነው፣ የሚፈርመውም አለቃው ነው ይላል። የአንተን መዝገብ አስመጥቼ ገለጥኩት። «አዲስ ልማድ» ብለኸኝ ነበር፤ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ግን አንድም ፊርማህ የለም። «ልጆቹ ክብር መስሏቸው ወደውታል» አልከኝ። እኔም አመንኩህ። መስመሩ ስላልታየህ ነው አይደል? የት እንደምትፈርም ስላልታየህ ነው።

ችሎቱ ኦገስት 20 ነው። ኮሚሽኑ ራንጌልን ዕድሜ ልኩን ከባሕር ሊያግደው፣ ከዚያም ለዐቃቤ ሕግ ሊያስተላልፈው ነው። ሁለት ሴት ልጆች አሉት፤ ታላቂቱን ስም ያወጣህላት አንተ ነህ።

የዚያን ቀን ጠዋት ራንጌል ምን አለህ? ሌላ ነገር አትጻፍልኝ። እሱን ብቻ።

ኔቬና


ቼርና ስካላ፣ ኦገስት 11 ቀን 1987

ኔቬና፤

ጠየቅሽኝ፣ እጽፋለሁ። ፊደሌ ከተጠላለፈ ታገሺኝ፤ ከመስኮቱ ሥር ቁጭ ብዬ ነው፣ አሁን ብርሃኑም አልረዳኝ ብሏል።

ከዚያ ቀን በፊት ሁለት ቀን ቀይ ነበር። የስሊቨኖቹ የመጨረሻ ቀናቸው ነው፤ አውቶቡሳቸው በስምንት ሰዓት ይነሳል። ፎጣቸውን አንገታቸው ላይ ጥለው ከምሰሶው ሥር ተሰልፈው ይጠብቁኛል። ነፋሱ ቆሟል። በእግሬ ገባሁ። ውሃው ጸጥ ብሏል፣ ቁርጭምጭሚቴን አልነካውም።

ራንጌል አጠገቤ ቆመ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አለቃ፣ ከቋጥኙ በስተቀኝ ያለው ነገር አላማረኝም» አለኝ።

«ምን ሆነ? ሰላም አልሰጠህም?»

«ጠቆር ያለ መስመር አለ። አረፋው ወደ ውስጥ ነው የሚሄደው። ቢጫ እንኳ አይበቃውም።»

አየሁ። ማለቴ ፊቴን ወደዚያ አዞርኩ። ነጭ ነው። ሁሉም ነጭ ነው፣ ኔቬና። ሰማዩም ውሃውም አንድ ነጭ አንሶላ ነው። «የቱ ጋ? ውሰደኝ፣ አሳየኝ» ማለት ነበረብኝ። «አላየሁም» ማለት ነበረብኝ። አንድ ቃል ናት።

ሴቶቹ ሰምተውታል። አንዷ «አረ ተዉን፣ ዛሬም ቀይ ነው?» አለች። የሁሉም ፊት ወደ እኔ ሆነ። እኔም አፌን ስከፍት የወጣው ሌላ ሆነ፦ «ሴቶች፣ አትፍሩ! ራንጌል ትናንት ራኪያው ውስጥ የጣለውን መስመር ነው ዛሬ ባሕር ላይ የሚፈልገው!»

እንዴት እንደሳቁ ብትሰሚ። አጨበጨቡ። «ራንጌል፣ ና እኔን ፈልገኝ፣ እኔ እሻልሃለሁ!» አለች አንዲት ደማቅ ድምፅ ያላት። የማን ድምፅ እንደነበረ በኋላ ነው የነገሩኝ።

የራንጌል ሰውነት ሲግል ከአጠገቤ ይሰማኛል። «በል እንጂ ሙሽራው፣ አረንጓዴውን ሳብ!» አልኩት። ሳበው። ወርዶ ፈረመ።

ይኸው ነው። ጠባቂዎቹ ሁሉ ማማቸው ላይ ስለነበሩ አልሰሙም። ሴቶቹ የዚያኑ ቀን ወደ አገራቸው ሄደዋል፤ ማንም አልጠየቃቸውም። መርማሪው ሲጠይቀኝ አፌ ተያዘ። ራንጌልን ሲጠይቁት ደግሞ «ገመዱን የጎተትኩት እኔ ነኝ» ብሎ አበቃ። ስለ እኔ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ትናንት መንገድ ላይ ሲያልፍ በእርምጃው አወቅሁት። ቆመ። ልጠራው አልቻልኩም። ሄደ።

አሁን አንቺ ንገሪኝ። ከተናገርኩ «ይህ ዓይን እንዴት አለፈ?» ይላሉ፤ ከዚያ «ጸሐፊዋ ታውቃለች ወይ?» ይላሉ፤ አንቺን ይዤሽ እወድቃለሁ። ዝም ካልኩ ራንጌል ይወድቃል። በሁለቱ መካከል እየዞርኩ ነው ያለሁት፤ አሥራ ሁለት ቀኔ ነው። «ኔቬናንም አታለልኳት፣ ምንም አታውቅም» ብዬ ልናገር አስቤያለሁ። ውሸት ላይ እንደሆነ ጎበዝ ነኝ፤ ያምኑኛል። ያንን የጁን ደብዳቤዬን አቃጥዪው። የአንቺን አቃጥለው ብለሽኝ ነበር፤ አላቃጠልኩትም። በአባትሽ ነፍስ የሚል ነገር እሳት ውስጥ መክተት ስላልቻልኩ ነው። ዛሬ አደርገዋለሁ።

«እሺ» ብለሽ ብቻ ጻፊልኝ። ሌላ አያስፈልግም።

ፕሮዳን


የክፍለ ሀገሩ የነፍስ አዳኞች ብቃት ኮሚሽን
ቫርና፣ ኦገስት 14 ቀን 1987

ለጓድ ፕሮዳን
ቼርና ስካላ

ጁላይ 30 በባሕር ዳርዎ የደረሰውን የሞት አደጋ ለማጣራት ኦገስት 20 ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በኮሚሽኑ ጽሕፈት ቤት እንዲገኙ ተጠርተዋል። የባንዲራ መዝገቡን፣ የአለቃነት መታወቂያዎን እና ጉዳዩን የሚመለከት ማንኛውንም ጽሑፍ ይዘው እንዲቀርቡ እናሳስባለን። ለምርመራ እንዲረዳ የዓይን ሐኪም በስፍራው ይገኛል።

ኔቬና፣ ጸሐፊ

(ከግርጌው በእጅ የተጻፈ)

አጎቴ፣ ከላይ ያለውን በጽሕፈት መኪና የጻፍኩት እኔ ነኝ። «እርስዎ» ብዬ እስክጽፍልህ ሁለት ወረቀት ቀድጃለሁ።

እሺ አልልህም። የጁን ደብዳቤህንና ያሁኑን ትናንት ጠዋት ራሴ የኮሚሽኑ ሰብሳቢ እጅ ላይ አስቀምጫቸዋለሁ። «መቼ ደረሰሽ?» አለኝ የመጀመሪያውን እያሳየ። ቀኑን ነገርኩት። ወንበሩን ዞር አድርጎ ወደ መስኮቱ አየ፣ እኔም ወጣሁ።

ስለዚህ ለእኔ ብለህ አትዋሽ። የሚዋሽለት ነገር የለም። የእኔን ደብዳቤ ካላቃጠልከው ይዘኸው ና። ካቃጠልከው ምን እንዳልኩህ ንገራቸው፤ «አንድ በጋ» ማለቴን ንገራቸው። ያን በጋ የሰጠሁህ እኔ ነኝ። ዝላትካ ግን የዚያን በጋ መጨረሻ አላየችም።

አውቶቡስ ጣቢያ መጥቼ እቀበልሃለሁ። ደረጃው ላይ እጅህን እይዝሃለሁ፤ አትቆጣ።


ቼርና ስካላ፣ ሴፕቴምበር 2 ቀን 1987

ኔቬና፤

ይህን የሚጽፈው እጅ የራንጌል ነው፣ ምላሱ የእኔ ነው። እንዳልኩት እንዲጽፍ አስምዬዋለሁ። ደብዳቤሽንም ያነበበልኝ እሱ ነው፤ የአንተ ጉዳይ አይደለም ያልኩትን ቦታ ሳይቀር አንብቦታል።

«ትበላለህ ወይ?» ብለሻል። እበላለሁ። የራንጌል ሚስት በየቀኑ ሳህን ትልካለች። ለምን እንደምትልክ አልገባኝም፤ ስንት ጊዜ መልሼ ልልከው አስቤ እጄ አልታዘዘኝም።

ከኮሚሽኑ አውጥተው የሕፃናት መዋኛ ላይ መደቡሽ አይደል? «ሥራው ደስ ይላል፣ ሕፃናቱ ያስቃሉ» ብለሽ ጽፈሻል። እኔ ስለ ቲማቲም እንደጻፍኩት ነው የጻፍሽው። ስሰማው አወቅሁት።

የኦክቶበሩን ሐኪም ቀጠሮ አልሰረዝኩም። እሄዳለሁ። ዓይኔ ቢበራ የማየውን ነገር ነው የምፈራው።

የዝላትካ እህት ደብዳቤ ጽፋልኛለች። አራት መስመር ነው። ራንጌል አንብቦልኛል። እሱን ለአንቺ አልደግምም።

ሌላ የምለው

(ከዚህ በታች ያለው የእኔ የራንጌል ነው።)

ኔቬና፣ ይቅርታ፤ አረፍተ ነገሩን አልጨረሰም። «ሌላ የምለው» ብሎ ቆመና ወደ እኔ ዞረ። «ራንጌል፣ ይህን አትጻፈው። ይቅር ትለኛለህ ወይ?» አለኝ። አትጻፈው ያለኝን የጻፍኩት ለሌላ ለማን እንደምነግር ስላላወቅሁ ነው።

እንዲህ አልኩት፦ «አለቃ፣ አንተ አላየህም። እኔ አይቻለሁ። መስመሩን እንደዚህ ወረቀት አይቼዋለሁ። አይቼም ሴቶቹ ሳቁብኝ ብዬ አረንጓዴውን ሳብኩ። አንተ ከእኔ ይቅርታ ትጠይቃለህ፤ እኔ ማንን ልጠይቅ?» ይኸው ከምድጃው አጠገብ ተቀምጧል። ብርድ የለም፣ እጁን ግን ያሞቃል።

አለቃ ችሎቱ ላይ ሁሉንም ተናግሮ መታወቂያውን ካስረከበ ወዲህ እኔ ነጻ ነኝ ተብያለሁ። ኮሚሽኑ እስከ በጋው መጨረሻ ተጠባባቂ አለቃ አድርጎኛል። አንቺም በደብዳቤሽ መጨረሻ «ለአለቃነት ፈተና ትቀመጣለህ ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። ሰው ሁሉ «አንተ ብቁ ነህ» ይለኛል። ዋናውን አልፋለሁ፣ ጠለቃውን አልፋለሁ፣ ዓይኔም ደህና ነው። ስለሱ አይደለም።

ዛሬ ቀይ ከሰቀልኩ ስድስተኛ ቀኔ ነው። ባሕሩ ደህና ነው፣ ኔቬና። አንድም መስመር የለበትም። ጠዋት ጠዋት እስከ ቋጥኙ ዋኝቼ እመለሳለሁ፣ ሦስት ጊዜ እፈትሻለሁ፣ ምንም የለም። ሰዉ አሸዋው ላይ ፎጣውን አንጥፎ ይሰድበኛል። «ፈሪ» ይለኛል፣ «ሰካራም» ይለኛል፣ ልክ ነው። አለቃም በየቀኑ «ምን ሰቀልክ?» ይለኛል። «ቀይ» እለዋለሁ። «ባሕሩስ?» ይለኛል። «ደህና ነው» እለዋለሁ። ከዚያ ወዲያ አይጠይቀኝም፤ አንድም ቀን አልቀለደብኝም።

ቀዩን ላወርድ ገመዱን እይዛለሁ፣ እጄ እምቢ ይለኛል። አንቺ ከኮሚሽኑ ወጥተሻል፤ ግን ለማን እንደሚነገር ታውቂያለሽና ንገሪልኝ። ባሕሩን የሚያይ ሰው እዚህ አለ በያቸው። ባንዲራ የሚሰቅል ሰው ይላኩልን።

ራንጌል